ቀስት ላይ የተገጠመ ሌዘር፣ ክሮስቦው፣ ድሮን፦ የቱ አደን ነው የቱ ማጭበርበር?

ጥያቄ፦ "የምኖረው ዴንቨር ነው። የሥራ ባልደረባዬ አደን ካላስለመድኩህ ብሎኝ ሴፕቴምበር ላይ ለኤልክ (ለዚያ ትልቅ የአጋዘን ዘር) በቀስት ልንወጣ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ርቀቱን በሌዘር ራሱ ለክቶ ማነጣጠሪያ ነጥቡን የሚያበራ ሳይት የተገጠመለት ኮምፓውንድ ቀስት (ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው) አሳዩኝና በጣም ወደድኩት። ሬንጅ (ተኩስ መለማመጃ) ላይ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ግን ይሄ ማጭበርበር ነው፣ ወንድ ከሆንክ የእንጨት ቀስት ያዝ አሉኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ክሮስቦው (እንደ ጠመንጃ ትከሻ ላይ ተደርጎ የሚተኮስ ቀስት) ግዛና ተገላገል ይለኛል። ካሜራና ድሮንም አስቤ ነበር። ለኔ ግን መሣሪያው ፈጣንና ትክክለኛ በሆነ ቁጥር እንስሳው ሳይሰቃይ ስለሚሞት ፍትሃዊው እሱ ነው የሚመስለኝ። ተሳስቻለሁ?"

ምላሽ፦ መጀመሪያ ገንዘብህን ያዝ። ኮሎራዶ ውስጥ በቀስት ሲዝን እንዲህ አይነት በባትሪ የሚሠራ ሳይት ቀስቱ ላይ ገጥሞ ማደን ክልክል ነው፣ ስለዚህ ያ የወደድከው ሌዘር ሬንጅ ላይ ታርጌት ትመታበት እንደሆነ እንጂ ኤልክ ፊት ይዘኸው አትቆምም። ክሮስቦውም የአካል ጉዳት ፈቃድ ከሌለህ በቀስት ሲዝን አይሆንም፣ በጠመንጃ ሲዝን ግን ይዘኸው መውጣት ትችላለህ። ድሮን አስነስቶ እንስሳ መፈለግ ደግሞ ጭራሽ የማይሞከር ነው፣ በ2014 ስቴቶች መከልከል ሲጀምሩ ኮሎራዶ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች። እንግዲህ ካሰብካቸው ውስጥ ሦስቱ ገና ከበሩ ወደቁ ማለት ነው። ግን የጠየቅከኝ ስለ ሕግ ብቻ ሳይሆን ስለ ፍትሃዊነት ነው፣ እሱ ላይ አንተም ተሳስተሃል ሽማግሌውም ተሳስተዋል፣ የየራሳችሁ ስህተት ነው።

ከሳቸው ልጀምር። ቀስት እየጠገንኩ ጀማሪም እያስተማርኩ ስኖር "እንጨት ንጹህ ነው ኮምፓውንድ ማጭበርበር ነው" የሚል ክርክር ያልሰማሁበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። መስመሩ ግን ድሮም አንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም። የዛሬው የአሜሪካ የቀስት አደን ሥሩ ሲመዘዝ እሺ የሚባል ሰው ጋ ይደርሳል፣ ያሂ ከሚባለው የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝብ የመጨረሻው የተረፈ ሰው ነው፣ በ1911 ካሊፎርኒያ ኦሮቪል ከተማ ብቅ አለና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወሰደው፣ እዚያ የነበረው ሐኪም ሳክስተን ፖፕ ቀስት መሥራትና ማደን ከሱ ተማረ፣ እሺም በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። የሱ ቀስት ጥድ እንጨት ነው፣ ጀርባው ላይ የእንስሳ ጅማት የተለጠፈበት። አሁን ሽማግሌው የሚይዙትን የእንጨት ቀስት ብታየው በሁለቱም በኩል ፋይበርግላስ ተለጥፎበታል፣ አውታሩ ፋብሪካ የወጣ ሰው ሠራሽ ክር ነው፣ ሙጫውም ኬሚካል ነው። እሳቸውን ለማሳጣት አይደለም፣ እኔም እንደዚህ አይነት ቀስት አለኝ እወደዋለሁ፣ ግን ንጽህና በእንጨት የሚለካ ከሆነ እሺ ፊት ሁላችንም አጭበርባሪ ነን።

ኮምፓውንዱ ራሱ የመጣው ሆሌስ አለን የሚባል የሚዙሪ ሰው የቀስት ጫፎች ቆርጦ መዘውር ገጥሞ ሲሞክር ነው፣ ፓተንቱን በ1966 ጠየቀ በ1969 ተሰጠው። ያኔም ይሄ ቀስት አይደለም ማሽን ነው ተባለ። በ1961 የተቋቋመው ፖፕ ኤንድ ያንግ የሚባለው የቀስት አዳኞች ክለብ፣ በቀስት የተገደሉ ትላልቅ እንስሳትን መዝገብ የሚይዘው እሱ ነው፣ ኮምፓውንዱን ተቀበለው። ቀጥሎ ጭቅጭቁ ወደ ሌት ኦፍ ዞረ። ሌት ኦፍ ማለት ስበህ ስትጨርስ መዘውሩ ከክብደቱ ስንት ፐርሰንቱን ይሸከምልሃል ነው። 70 ፓውንድ የሚስብ ቀስት 80 ፐርሰንት ሌት ኦፍ ካለው መጨረሻ ላይ እጅህ ላይ የሚቀረው 14 ፓውንድ ብቻ ነው። 50 ፓውንድ የእንጨት ቀስት ግን መጨረሻው ላይ ያው 50 ነው፣ ክንድህ ይንቀጠቀጣል፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው ያለህ። ክለቡ ከ65 ፐርሰንት በላይ ያለውን ለረጅም ጊዜ አልቀበልም ብሎ በኋላ ነው በምልክት እየለየ መዝገቡ ላይ ማስገባት የጀመረው። ክሮስቦውን እስከዛሬ አይቀበልም። ቀስቱ ላይ የሚገጠም ኤሌክትሮኒክስም አይቀበልም፣ የሚበራውን የፍላጻ ናክ (አውታሩ ላይ የሚሰካውን የኋላ ጫፍ) እና የሚቀርጽ ካሜራ ሲቀር፣ ናኩም የገባው በ2014 ነው።

እዚህ ላይ ሰው የማይነግርህን ነገር ልንገርህ፣ ለኔ የነገሩ እምብርት ይሄ ነው። ፍትሃዊነት ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው በአዳኙና በእንስሳው መካከል ያለውን ነው። እሱ አለ፣ በ1887 ቴዎዶር ሩዝቬልት ያቋቋመው ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ "ፌር ቼዝ" የሚለው እሱን ነው፣ ነጻ ሆኖ የሚኖር የዱር እንስሳ ማምለጥ እስኪያቅተው ድረስ ተገቢ ያልሆነ ብልጫ አትውሰድበት ነው ነገሩ። ግን ሌላ ውል አለ፣ በአዳኝና በአዳኝ መካከል። ኮሎራዶ የቀስት ኤልክ ሲዝን ከሴፕቴምበር 2 እስከ 30 ነው፣ አንድ ወር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ያውም ወንዱ ኤልክ ሴት ፍለጋ እያፏጨ ያለበትን ራሱ የሚገልጥበት ወቅት። የጠመንጃ ሲዝኖቹ ግን በቀናት ነው የሚቆጠሩት። ለቀስተኛው ይሄ ሁሉ ለምን ተሰጠው? አብዛኛው ባዶ እጁን ስለሚመለስ ነው በቃ። አስተዳደሩ ሲያሰላ ብዙ ሰው ለብዙ ቀን ጫካ ገብቶ ትንሽ ነው የሚገድለው፣ ስለዚህ ብዙ ቀን መስጠት ይችላል። መሣሪያው ያንን ስሌት ሲያፈርሰው ቀኑ ይቀነሳል ወይ ፈቃዱ በዕጣ ይሆናል፣ ያኔ የሚጎዳው ደግሞ ለዓመታት ዕጣው ላይ ቅድሚያ የሚያሰጥ ነጥብ ያጠራቀመው ሳይሆን እንዳንተ አይነቱ ገና ዘንድሮ የጀመረው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሌዘር ሳይት ይከልከል ሲል ሁልጊዜ ቅናት ወይ የድሮ ሰውነት አድርገህ አትውሰደው፣ ሴፕቴምበሩን ላለማጣት የሚከራከርም አለበት።

ታዲያ አንድ መሣሪያ መስመር አለፈ የምለው መቼ ነው? እኔ የምጠይቀው አዳኙ ራሱ ሊሠራው የሚገባውን ከባድ ነገር ነጠቀው ወይ ብዬ ነው። በቀስት አደን ከባዱ ነገር ደግሞ ማነጣጠር እንዳይመስልህ፣ መሳብ ነው። 20 ያርድ ላይ ኤልክ ቆሟል እንበል፣ ነፋሱ ወዳንተ ነው፣ ሽታው ራሱ ይመጣልሃል፣ የበረት ሽታ ነገር ነው። ጭንቅላቱ ከዛፍ ጀርባ ሲሆን ነው መሳብ ያለብህ፣ ቶሎ ከሳብክ እሱ ሳይወጣ ክንድህ ይደክማል፣ ዘግይተህ ከሳብክ ክርንህ ስትንቀሳቀስ ያይሃል። ቀና ካለ አበቃ፣ ሐውልት ሆነህ ትቆማለህ፣ እሱ ያይሃል አንተ ታየዋለህ፣ ትንኝ ዓይንህ ላይ ብታርፍ አታባርራትም። ከዚያ ወይ ይረሳሃል ወይ ጫካውን እየሰባበረ ይሄዳል። አብዛኛው የሚያመልጠው እዚህች ሰዓት ላይ ነው፣ ኮምፓውንድም ያዝክ እንጨትም ያዝክ ይቺን አታልፋትም። ኮምፓውንዱ ከሳብክ በኋላ ያለውን አቅልሎልሃል እንጂ መሳቡን አልሳበልህም። ለዚህ ነው ኮምፓውንድ ማጭበርበር ነው የሚለውን የማልቀበለው።

ክሮስቦው ግን ይቺን ሰዓት ራሷን ነው የሚያጠፋት። መኪናህ አጠገብ ወጥረህ ተጭኖ ይጠብቃል፣ እንደ ጠመንጃ ትከሻህ ላይ ታደርገዋለህ፣ አጉሊ መነጽር አለው፣ ጣት ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ፍጥነቱም ዛሬ በሰከንድ ከ400 ጫማ በላይ የተለመደ ሆኗል፣ 500 ያለፉም አሉ። ስለዚህ ክሮስቦው ከቀስት ጋር አንድ ሲዝን ይግባ አይግባ ሲባል ክርክሩ እውነተኛ ክርክር ነው። ይሄን ስል ግን ክሮስቦው መጥፎ ነው ብዬ እንዳይመስልህ። ፔንሲልቬኒያና ሚሺጋን በ2009 በር ከፍተውለታል፣ ዊስኮንሰን በ2014 የራሱን ሲዝን ሰጠው፣ ሚኒሶታ በ2023 ለሁሉም ፈቀደች። እዚያ ያለው ኋይትቴይል አጋዘን እንደ ፍየል በዝቶ የሰው ጓሮ የሚበላ ነው፣ ችግራቸው መብዛቱ እንጂ ማነሱ አይደለም። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበትን የቨርጂኒያውን ፌርፋክስ ካውንቲ ውሰድ፣ መኪና የሚገጩ አጋዘኖችን ለመቀነስ ካውንቲው ራሱ ቀስተኞችን ፈትኖ ፓርክ ውስጥ ማማ ላይ ያወጣል፣ ልክ እኛ አገር ማሽላ ለመጠበቅ የሚሠራውን አይነት ማማ። እዚያ ዓላማው ቁጥር መቀነስ ስለሆነ ሥራውን የሚያፋጥን መሣሪያ ቢፈቀድ አልቃወምም፣ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ግን ዓላማው ሌላ ነው። ትከሻው ኦፕሬሽን የተደረገ ሰውም አለ፣ ዕድሜ የተጫነውም አለ፣ ለነሱ ክሮስቦው ካልተፈቀደ አደን ራሱ መቅረቱ ነው፣ የአካል ጉዳት ፈቃዱን በሙሉ ልቤ ነው የምደግፈው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ጠመንጃ ሲዝን ላይ ክሮስቦው ከያዝክ አውራ ጣትህ አውታሩ ከሚሄድበት ሐዲድ በላይ እንዳትወጣ፣ ጣት ይወስዳል።

አሁን ወዳንተ ስህተት ልምጣ። ፈጣን ነው ስለዚህ አያሰቃይም ያልከው ነገር ብዙ እንስሳ ያስቆሰለ ሐሳብ ነው። ፍላጻ እንደ ጥይት መትቶ አያደነግዝም፣ ጫፉ ላይ ያለው ምላጭ ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው የሚገድለው፣ ሁለቱን ሳንባ ካለፈ እንስሳው በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል፣ አንድ ጫማ ወደኋላ ሄዶ ሆዱን ከመታው ግን ሰዓታት ነው። ስለዚህ ሁሉ ነገር ያለው የት መታ ላይ ነው እንጂ በምን ፍጥነት ላይ አይደለም። እንቁጠረው። በሰከንድ 280 ጫማ የሚሄድ ፍላጻ 40 ያርድ ለመድረስ ወደ 0.43 ሰከንድ ይፈጅበታል። የቀስቱ ድምጽ ግን በ0.11 ሰከንድ ይቀድመዋል። በመካከል የሰከንድ አንድ ሦስተኛ አለች፣ አጋዘን ደንግጦ ለመፈናጠር ጉልበቱን ሲያጥፍ በዚች ጊዜ ጀርባው ብዙ ኢንች ይወርዳል፣ ፍላጻህ ከላይ ያልፋል ወይ አከርካሪ ይመታል። አሁን በጣም ውዱን ቀስት ግዛ፣ 340 ጫማ ይሁን፣ ያተረፍከው ስምንት መቶኛ ሰከንድ አካባቢ ነው። ወደ 20 ያርድ ብትቀርብ ግን ግማሹን ታተርፋለህ፣ ያውም በነጻ። ክሮስቦውም ቢሆን 80 ያርድ ላይ ፍላጻው ከ0.6 ሰከንድ በላይ አየር ላይ ነው፣ ፍጥነቱን አይተው እንደ ጠመንጃ የሚተኩሱት ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

ይሄን በወረቀት ብቻ አይደለም የማውቀው። ከዓመታት በፊት አንድ ወንድ ኤልክ 60 ያርድ ላይ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ፣ ርቀቱን በእጅ መለኪያ ለክቼዋለሁ፣ ቀስቴ ፈጣን ነው፣ ሬንጅ ላይ 60 ያርድ ላይ የሻይ ሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ቦታ እመታ ነበር። ለቀቅኩ። ፍላጻው አየር ላይ እያለ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ያቺ ብቻ ናት፣ መራመድ አማረው። በዚያ 0.65 ሰከንድ ዝም ብሎ የሚራመድ ኤልክ ወደ ሦስት ጫማ ይሄዳል። ድምጹን ስሰማው ገባኝ፣ ሳንባ ሲመታ የሚሰማው አይደለም፣ እርጥብ ከበሮ ሲመታ እንደሚሰማው ነው። ሣሩ ላይ የነበረው ደም ትንሽ ነው፣ ጠቆር ያለ፣ አረንጓዴ ነገር የተቀላቀለበት። እስኪመሽ ተንበርክኬ ፈለግኩ፣ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ፈለግኩ፣ በሦስተኛው ቀን ቁራዎቹ ናቸው ያሳዩኝ። ሥጋው ተበላሽቷል። ያ እንስሳ እንዴት እንዳደረ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ሌዘር ሳይት ቢኖረኝ ምንም አያድነኝም ነበር፣ ርቀቱን አልተሳሳትኩማ፣ የተሳሳትኩት እንስሳው ይቆምልኛል ብዬ ነው።

ስለ ሌዘሩ ግን እውነቱን ልመስክር፣ ጥቅም የለውም ማለት አልችልም። ጋርሚን በ2018 ያወጣው ዜሮ ኤ1 የሚባለው ሳይት ለምሳሌ ቀስቱን ስበህ መያዣው ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትነካ ለክቶ ነጥቡን ያበራልሃል። 45 ያርድ የቆመውን 40 ነው ብለህ ብትተኩስ ስድስት ኢንች ያህል ትወርዳለህ፣ ይሄ ከመግደል ወደ ማቁሰል ያለ ልዩነት ነው፣ ሳይቱ ይሄንን ያጠፋል። ደጋፊዎቹ በእጅ የሚያዝ ሬንጅፋይንደር (ርቀት መለኪያ) ተፈቅዶ ይሄ ለምን ይከለከላል ይላሉ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሴ ሰውን የሚለውጥ መሆኑ ነው፣ ቁጥሩ ዓይኑ ፊት ሲበራለት 40 ላይ ያቆም የነበረው 70 ላይ መሞከር ይጀምራል፣ ቁጥሩ ልክ ስለሆነ ተኩሱም ልክ የሆነ ይመስለዋል። በእጅ ስትለካ ግን ለክተህ፣ አስቀምጠህ፣ ከዚያ ስበህ ነው፣ ያቺ ክፍተት ላይ እንስሳው ዕድል አለው አንተም የማሰቢያ ጊዜ አለህ።

ካሜራ ላይ ብዙ አልልም። ሲም ካርድ ያለው ትሬይል ካሜራ (ጫካ ውስጥ ተተክሎ የሚያልፈውን እንስሳ የሚያነሳው) ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ስልክህ ላይ ኤልኩን ያሳይሃል፣ ይሄ ፍለጋውን ራሱን መንጠቅ ነው። አሪዞና ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ለአደን መጠቀምን ጨርሳ ከልክላለች፣ ዩታና ኔቫዳም በአደን ወራት የሕዝብ መሬት ላይ ገድበውታል፣ ደረቅ አገር ስለሆኑ እንስሳው ሁሉ አንድ ኩሬ ነው የሚመጣው፣ ያቺን ኩሬ ካሜራ ሲከባት የሚጠጣበት ሰላም አያገኝም። ድሮንን በተመለከተ አዲሱ ጭቅጭቅ ከተኩስ በፊት ስላለው ሳይሆን የቆሰለውን በሙቀት ካሜራ መፈለግ ይፈቀድ ወይ ነው፣ ሚሺጋን ውስጥ ይሄን ሥራ መሥራት የፈለገ ድርጅት ክልከላውን ተቃውሞ በ2023 ስቴቱን ከሶ ነበር። ያንን ኤልክ ካጣሁ በኋላ እኔ ራሴ ምነው በነበረኝ ብያለሁ። ግን ያው ድሮን የሞተውንም ቆሞ የሚያመሰኳውንም እኩል ነው የሚያሳየው፣ የፈለገ ሰው "የቆሰለ እየፈለግኩ ነው" ብሎ ሌላውን ያገኝበታል፣ ተቆጣጣሪው ሊለይ አይችልም። ከተኩስ በኋላ የሚረዳ ቴክኖሎጂን በመርህ ደረጃ እደግፋለሁ፣ የሚበራው ናክ ለዚህ ነው የሚመቸኝ፣ ፍላጻው የት እንደገባ ያሳይሃል እንጂ ከመልቀቅህ በፊት ምንም አይሠራልህም። ድሮኑ ግን ቁጥጥሩ መልስ እስኪያገኝ ይቅር።

ስለዚህ የምመክርህ አንድ ነገር ነው፣ ምርጫ አልሰጥህም። ኮምፓውንድ ግዛ፣ ባትሪ የሌለው፣ ሳይቱ ብርሃን ከአካባቢው የሚስብ ሦስት ወይ አምስት ፒን (የማነጣጠሪያ ነጥብ) ያለው ተራ ሳይት ይሁን፣ ሬንጅፋይንደር በእጅህ። ክብደቱ 60 ፓውንድ አካባቢ ይበቃሃል፣ ሕጉ ከ35 በታች አይሁን ነው የሚለው፣ ለኤልክ ግን 35 ጠባብ ነው። ቁጭ ብለህ እግርህን ዘርግተህ ቀስ ብለህ መሳብ ካልቻልክ ከብዶሃል፣ አስቀንሰው። ፍላጻህ ከፍጥነት ይልቅ ክብደት ይኑረው፣ ምላጩ የማይታጠፍ አይነት ይሁንና የክንድህን ጸጉር የሚላጭ እስኪሆን ስለው። ያገለገለ ብትገዛም ችግር የለውም፣ አውታሩ የተፈታታ እንዳይሆን ብቻ እይ፣ ፍላጻ ሳይኖር ደግሞ በምንም ምክንያት ስበህ እንዳትለቀው፣ ቀስቱ እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ከ1949 ወዲህ ስለተወለድክ የአዳኝ ትምህርት ካርድ ግዴታ ነው፣ አሁኑኑ ጨርስ። የኮሎራዶን የዓመቱን የአደን መመሪያ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ አንብብ፣ የአምናውን አትመን፣ የናኩንም ነገር እዚያው አረጋግጥ።

ርቀትህ በመጀመሪያው ዓመት 30 ያርድ ነው። 31 ከሆነ አትተኩስም። እየተራመደ ከሆነ አትተኩስም፣ ፊቱን ወዳንተ ካዞረም አትተኩስም። ከተኮስክ በኋላ ወድቆ ካላየኸው ግማሽ ሰዓት ከቦታህ አትነሳ፣ ሆዱን የመታህ ከመሰለህ ደግሞ ከስምንት ሰዓት ያላነሰ ጠብቅ፣ ከተከተልከው ይነሳና ይሄድብሃል። 30 ያርዱ ራሱ ይገባህ እንደሆነ የምታውቀው እንዲህ ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ አንድ ፍላጻ ብቻ ተኩስ፣ ሳታሟሙቅ፣ ትንሽ ሮጠህ ልብህ እየመታ፣ የምሳ ሰሃን የምታህል ክብ ላይ። ውጤቱን ጻፈው። ሠላሳ ቀን ሠላሳው ፍላጻ ሰሃኑ ውስጥ ከገባ 30 ያርድ ያንተ ነው፣ አንዱ እንኳ ከወጣ ወደ 25 ወርደህ ከአንድ ጀምር።